ኡቡንቱን እንደገና ስትጭን ሴቲንግህን በስክሪፕት መመለስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ 22.04 አለ፤ ቅዳሜ ዲስኩን በአዲስ ቀይሮ 24.04 ሊጭንበት አስቧል። ሊኑክስ በጫነ ቁጥር ፕሮግራሞቹን መልሶ ማውረድ፣ የአማርኛ ኪቦርዱን ማስገባት፣ ተርሚናሉንና ኤዲተሩን እንደለመደው ማድረግ ቀናት ይበላበታል። «ሆም ፎልደሬን እንዳለ በፍላሽ ገልብጬ አዲሱ ላይ ባደርገውስ? ካልሆነ ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ የሚመልስልኝ ነገር እንዴት ልሥራ? አንሲብል መማር አለብኝ ወይስ ባሽ ይበቃኛል?» ሲል ይጠይቃል። ቢሮ ያለው ኮምፒውተርም እንደ ቤቱ ላፕቶፕ ቢሆንለት ይወዳል።

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ባሽ፣ ማለትም ተርሚናሉ ላይ የምትጽፍበት የትዕዛዝ ቋንቋ፣ ይበቃሃል፤ ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ላይ የሚያዋቅረው አንሲብል ለሁለት ኮምፒውተር አያስፈልግህም። ሆም ፎልደርህን እንዳለ መገልበጡን ግን ተወው። ሁለቱንም የምልህ በአንድ ምክንያት ነው፦ ወደ አዲሱ ዲስክ ይዘኸው መሄድ ያለብህ አንተ የወሰንከውን እንጂ ኮምፒውተሩ ለራሱ ሥራ የጻፈውን አይደለም። «ይህ ፕሮግራም ያስፈልገኛል»፣ «ታችፓዱን ስነካው ክሊክ ያድርግ»፣ «ኮሚት ሳደርግ ስሜ እንዲህ ይጻፍ» የሚሉት የአንተ ውሳኔዎች ናቸው፤ ተሰብስበው ሲታዩ ከምትገምተው ያነሱ ናቸው። ካሽ፣ የመስኮቶች ቦታ፣ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር ደግሞ የኮምፒውተሩ ናቸው፤ አዲሱ ሲስተም የራሱን ይጽፋል። ሥራው ሁሉ ውሳኔዎችህን ከዚህ ክምር ለይቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ስክሪፕቱን መጻፍ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

መገልበጡ ለምን እንደማያዋጣ በአንተው ሁኔታ ላሳይህ። አብዛኛው ፍላሽ የሚመጣው በፋት32 ወይም በኤክስፋት ነው። እነዚህ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ አይይዙም፣ ሲምቦሊክ ሊንክም አያውቁም። ሰርቨሮች ላይ በርቀት የምትገባበትን የኤስኤስኤች ቁልፍህን በዚህ መንገድ ብታሻግረው አዲሱ ላይ ሌላ ሰው እንዲያነበው ክፍት ሆኖ ይገኝና ኤስኤስኤች አልጠቀምበትም ይልሃል። ሁሉንም በታር ጠቅልለህ ይህን ብታልፈው እንኳ ሌላ ይጠብቅሃል። 22.04 ላይ ያለው ፓይተን 3.10 ነው፤ 24.04 ላይ 3.12 ነው። ፒፕ በሚባለው የፓይተን መጫኛ ሆም ፎልደርህ ውስጥ የጫንካቸው ላይብረሪዎች 3.10 በሚል ፎልደር ስር ስለተቀመጡ አዲሱ ፓይተን ዞር ብሎም አያያቸውም፤ የሠራሃቸው ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቶችም አይነሱም። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሆነው ጂኖም ከ42 ወደ 46 ዘሏል፤ መሃል ላይ በ45 የኤክስቴንሽኖች አጻጻፍ ስለተቀየረ የድሮዎቹ አይሠሩም። ፋየርፎክስም ኡቡንቱ ላይ ስናፕ በሚባለው የፓኬጅ ዓይነት ስለሚመጣ ፕሮፋይሉ ያለው ስናፕ በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። በለመደው መንገድ «ነጥብ ሞዚላ»ን ፈልጎ የሚገለብጥ ሰው ቡክማርኩን ሳይዝ ይሄዳል።

ሆምን በተለየ ፓርቲሽን ማስቀመጥ የሚመክሩህ ይኖራሉ። ያው ዲስክ ላይ ደጋግሞ ለሚጭን ይረዳል። አንተ ግን ዲስኩን ራሱን ልትቀይር ነው፤ ከላይ የነገርኩህ የስሪት ችግርም አብሮ ይሻገራል።

እንግዲህ ከፕሮግራሞቹ እንጀምር። የኡቡንቱ ዋና የፕሮግራም መጫኛ አፕት ይባላል፤ «አፕት-ማርክ ሾውማንዋል» የሚለው ትዕዛዙ በእጅ ተጭነዋል ተብለው የተመዘገቡትን ፓኬጆች ይዘረዝርልሃል። ኡቡንቱ ላይ ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ኢንስቶለሩ ራሱ ያስገባቸውም እዚያው ውስጥ አሉ። ስለዚህ እንዳለ ወስደህ አዲሱ ላይ አትጫን። አንድ በአንድ እያነበብክ የምታውቀውን ብቻ ምረጥ። ግራ ሲገባህ በ«ቫር» ስር «ሎግ»፣ ከዚያ «አፕት» የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የታሪክ ፋይል ክፈት፤ አንተ ራስህ የጻፍካቸው የመጫኛ ትዕዛዞች «ኮማንድላይን» ከሚል ቃል ቀጥለው ከነቀናቸው ተቀምጠዋል። የቆዩትም ተጨምቀው አጠገቡ አሉ። እኔ ከሾውማንዋል ይልቅ በዚህ ፋይል ነው የምተማመነው፤ ምን እንደተጫነ ብቻ ሳይሆን ምን እንደፈለግህ የሚናገረው እሱ ነው። ስናፕና ፍላትፓክ የሚባሉት ሌሎቹ የመጫኛ መንገዶች የየራሳቸው ዝርዝር ስላላቸው እነሱንም ለየብቻ አውጣ።

የመረጥካቸውን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ ፓኬጅ እያደረግህ ጻፍ። ከእያንዳንዱ ጎን የፓውንድ ምልክት አድርገህ ለምን እንደፈለግኸው በጥቂት ቃል አስፍር። ይህን አደራ እላለሁ። ከዓመት በኋላ «ይህ ላይብረሪ ለምን ገባ?» ስትል መልሱ እዚያው ይገኛል፤ ምክንያት ያጣህለትን ደግሞ ሳትሳቀቅ ታወጣዋለህ። ከኡቡንቱ ውጭ ካለ ምንጭ የሚመጡ ፕሮግራሞች ካሉህ የምንጩን አድራሻ ስትጽፍ የስሪቱን ስም በእጅህ አታስገባ። 22.04 «ጃሚ»፣ 24.04 ደግሞ «ኖብል» ይባላል። ስክሪፕቱ ስሙን «ኢቲሲ» ውስጥ ካለው «ኦኤስ-ሪሊዝ» ፋይል ራሱ ያንብብ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ስሪት አድራሻው ይሳሳትብሃል።

ሁለተኛው ክፍል በነጥብ የሚጀምሩት ፋይሎች ናቸው፦ የባሽ፣ የጊት፣ የቪም፣ የኤስኤስኤች ማዋቀሪያዎች፣ እንዲሁም «ነጥብ ኮንፊግ» ውስጥ ያሉት። እነዚህን በአንድ ፎልደር ሰብስበህ የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ በሚመዘግበው በጊት ያዛቸው፤ እንዲህ የተያዘውን ፎልደር ከዚህ በኋላ ሪፖ እለዋለሁ። ከዚያ ስቶው የሚባለውን ትንሽ የጂኤንዩ ፕሮግራም ተጠቀም። ሥራው ፋይሎቹ ሪፖው ውስጥ እንዳሉ ሆነው ሆም ፎልደርህ ውስጥ መኖር ባለባቸው ቦታ ሊንክ ማስቀመጥ ነው። የቪም ማዋቀሪያህን ስታርም እያረምክ ያለኸው ሪፖው ውስጥ ያለውን ነው፤ «ጊት ዲፍ» ብትል የለወጥከው ወዲያው ይታይሃል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፍበት አንድ ቦታ አለ። አዲስ ኡቡንቱ ላይ «ነጥብ ባሽአርሲ» አስቀድሞ አለ፤ ተጠቃሚው ሲፈጠር «ኢቲሲ» ስር ካለው «ስኬል» ፎልደር ይገለበጣል። ስቶው ደግሞ በቦታው እውነተኛ ፋይል ካገኘ አይነካም፣ ግጭት አለ ብሎ ያቆማል። ብዙዎች የኡቡንቱን ፋይል አጥፍተው የራሳቸውን ይተካሉ። አያስፈልግም። የኡቡንቱና የዴቢያን ባሽአርሲ «ነጥብ ባሽ_ኤሊያስስ» የሚባል ፋይል ካለ አብሮ እንዲያነብ ተደርጎ ነው የተጻፈው። የአንተን አሕጽሮተ ትዕዛዝ፣ ፈንክሽንና ተለዋዋጭ ሁሉ እዚያ ጻፍ። የኡቡንቱ ፋይል ለኡቡንቱ፣ የአንተው ለአንተ ይሆናል፤ ግጭትም የለም፣ በስሪት ለውጥም የሚመጣብህ ነገር የለም።

የቢሮውና የቤቱ ኮምፒውተር የሚለያዩበትን ደግሞ ጊት ራሱ ይፈታልሃል። በጊት ማዋቀሪያ ውስጥ «ኢንክሉድኢፍ» የሚባል አለ፤ «ሥራ ከሚለው ፎልደር ስር ያለ ፕሮጀክት ከሆነ ይህንን ሌላ ፋይልም አንብብ» ማለት ያስችላል። የቢሮ ኢሜይልህ እዚያ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ልዩነቶች እየበዙ ሲመጡ ሼሙዋ የሚባለው ፕሮግራም ቴምፕሌት ስላለው ከስቶው ይመረጣል። ለአሁኑ ግን በስቶው ብትጀምር እመርጣለሁ፤ ምን እንደሠራ በዓይንህ ይታይሃል፣ ባትወደው ሊንኩን ማጥፋት ነው።

ሦስተኛው የዴስክቶፑ ነው፤ ሰው ሁሉ «ይሄ በስክሪፕት አይሆንም» ብሎ የሚተወው። ይሆናል። ጂኖም አብዛኛውን ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው ዲኮንፍ በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፋይሉ በጽሑፍ ኤዲተር አይነበብም፤ ነገር ግን «ዲኮንፍ ደምፕ» ብለህ ይዘቱን በጽሑፍ ታወጣዋለህ፣ በ«ዲኮንፍ ሎድ» ትመልሰዋለህ። ሁሉንም ከሥሩ አውጥተህ ሁሉንም ብትመልስ ግን ያው መገልበጡን ነው የደገምከው፤ ውስጡ የመስኮት ስፋት፣ መጨረሻ የከፈትከው ገጽ፣ ያጠፋኸው ፕሮግራም ቅሪት ሞልቷል።

የምመክርህ መንገድ ይህ ነው። ተርሚናል ክፈትና «ዲኮንፍ ዋች» ብለህ ከሥር፣ ማለትም ከስላሽ ጀምሮ እንዲከታተል አድርገው። ዝም ብሎ ይቆማል። አሁን ሴቲንግ የሚለውን ከፍተህ አንድ ነገር ቀይር፦ ለምሳሌ ጨለማውን መልክ ምረጥ። ወዲያው ተርሚናሉ ላይ የቁልፉ ሙሉ መንገድ ይወጣል፤ «ኦርግ፣ ጂኖም፣ ዴስክቶፕ፣ ኢንተርፌስ፣ ከለር-ስኪም» ይልና ከሥሩ «ፕሪፈር-ዳርክ» የሚለው አዲሱ ዋጋ ይታያል። ኡቡንቱ ላይ ከእሱ ጋር የጂቲኬ ቴሙ ወደ «ያሩ-ዳርክ» ሲቀየርም ታያለህ። ታችፓዱን ነክተህ ክሊክ የሚያደርገውን ስታበራ «ፔሪፌራልስ» ስር «ታፕ-ቱ-ክሊክ» ይመጣል። እንዲህ እያደረግህ የምትፈልጋቸውን በሙሉ አንድ ጊዜ ዞረህ ቀይራቸው፤ የወጣውን ገልብጥና እያንዳንዱን በ«ጂሴቲንግስ ሴት» አንድ መስመር አድርገህ ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፍ። የእኔ ግምት ከሃያ እስከ ሠላሳ መስመር ቢሆን ነው። የተርሚናሉ ፕሮፋይልና በራስህ የፈጠርካቸው የኪቦርድ አቋራጮች ግን በመስመር ለመጻፍ አይመቹም፤ የፕሮፋይሉ ስም ረጅም የዘፈቀደ ቁጥር ነው። ለእነሱ የየራሳቸውን ንዑስ ክፍል ብቻ በደምፕ አውጥተህ በሎድ መልሳቸው።

አማርኛውን የምታገኘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ጥያቄህ ላይ ስላነሳኸው ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ድምፁን በላቲን ኪቦርድ ስትመታ ወደ ግዕዝ ፊደል የሚቀይርልህ «ሴራ» የሚባለው ዘዴ የሚመጣው «አይባስ-ኤም17ኤን» በሚለው ፓኬጅ ነው። ፓኬጁን የፓኬጅ ዝርዝርህ ውስጥ አስገባ። ቀጥሎ «ኢንፑት-ሶርስስ» በሚለው የጂኖም ክፍል ውስጥ «ሶርስስ» የሚባለውን ቁልፍ ሙላ፤ ዋጋው የጥንዶች ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው ጥንድ «ኤክስኬቢ» እና «ዩኤስ»፣ ሁለተኛው «አይባስ» እና «ኤም17ኤን፡ኤኤም፡ሴራ» ነው። ዋጋው ራሱ ውስጡ ነጠላ ጥቅስ ስላለው ባሽ ላይ ስትጽፈው ከውጭ በድርብ ጥቅስ ክበበው፤ ያለዚያ ባሽ የውስጡን ጥቅስ ይበላውና ትዕዛዙ ስህተት ይሆናል። ይህን ስትከታተል ከአጠገቡ «ኤምአርዩ-ሶርስስ» የሚል ሌላ ቁልፍ ሲቀያየር ታያለህ። እሱ መጨረሻ የተጠቀምክበትን ኪቦርድ ኮምፒውተሩ የሚያስታውስበት ነው፤ ውሳኔህ ስላልሆነ ተወው።

ስክሪፕቱ ካለቀ በኋላ አማርኛው ወዲያው ካልመጣ አትደንግጥ። የጽሕፈት ዘዴዎቹን የሚያስተናግደው አይባስ አዲሱን ኢንጂን የሚያየው እንደገና ሲነሳ ነው፤ «አይባስ ሪስታርት» በል ወይም ሎግ አውት አድርገህ ግባ። ፎንቱንም አትርሳ። «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» እና «ፎንትስ-ኖቶ-ኮር» የሚሉት ፓኬጆች ለንባብ ደህና የሆኑ የግዕዝ ፎንቶች ይሰጡሃል። የትኞቹ ፎንቶች አማርኛን እንደሚይዙ ለማየት «ኤፍሲ-ሊስት»ን የቋንቋውን ኮድ «ኤኤም» ሰጥተህ ጥራው። ከአንድ በላይ ሲሆኑ አንዱን ማስቀደም ከፈለግህ ምርጫህ የሚጻፈው «ነጥብ ኮንፊግ» ውስጥ በሚገኘው የፎንትኮንፊግ ፋይል ነው፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር ሪፖው ውስጥ ይገባል። የሰዓት ቀጠናውን «ታይምዴትሲቲኤል» ወደ አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ያደርገዋል። ሲስተሙን በአማርኛ ሎካል (የቋንቋና የአጻጻፍ ምርጫ) ማድረግ ካሰብክ ደግሞ ስክሪፕትህ ውስጥ የሌላ ትዕዛዝ ውጤት የሚያነብ ነገር ካለ እዚያ ቦታ ላይ ሎካሉን ወደ «ሲ» መልሰው፤ መልእክቱም የፊደል ቅደም ተከተሉም በሎካሉ ስለሚለያይ ስክሪፕቱ ያልጠበቀውን ያነባል።

አሁን ስክሪፕቱ። ከሁሉ በላይ የምይዘው ሕግ አንድ ነው፦ አሥር ጊዜ ቢሮጥ ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደሮጠ መሆን አለበት። ለእኛ ይህ ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገናል። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ስክሪፕቱ መሃል ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ «የት ደርሼ ነበር?» እያልክ መስመር ልትቆጥር አይገባም፤ ከመጀመሪያው ደግመህ ታሮጠዋለህ፣ የተሠራውን ዘሎ ያልተሠራውን ይሠራል። አፕት የተጫነን ፓኬጅ መልሶ አይጭንም፤ ጂሴቲንግስም ያንኑ ዋጋ ቢጽፍ ጉዳት የለውም። የሚያበላሸው በድርብ የትልቅነት ምልክት (>>) ፋይል መጨረሻ ላይ መስመር መጨመር ነው፤ ስክሪፕቱ በሮጠ ቁጥር ያው መስመር ይደገማል። እንዲህ ያለ ነገር ግድ ከሆነ መጀመሪያ በ«ግሬፕ» መስመሩ መኖሩን አረጋግጥ። ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ግን ፋይሉን ሙሉ በሙሉ በሪፖህ መያዝ ነው። ፎልደር ስትፈጥር ቀድሞ ቢኖር የማይከፋውን አማራጭ ተጠቀም። ስህተት ሲያገኝ ወዲያው እንዲቆምም አናቱ ላይ «ሴት» በሚለው ትዕዛዝ አስረው፤ የከሸፈን ነገር አልፎ የሚሮጥ ስክሪፕት ምን እንደጎደለህ ሳይነግርህ «ጨርሻለሁ» ይልሃል።

ሙሉ ስክሪፕቱን በሱዶ፣ ማለትም ሩት በሚባለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አታስነሳው። ካስነሳኸው ፋይሎችህ ወደ ሩት ሆም ፎልደር ይሄዳሉ ወይም የሩት ንብረት ሆነው ይፈጠራሉ፣ ጂሴቲንግስም የሚቀይረው የሩትን ዴስክቶፕ እንጂ ያንተን አይደለም፤ ምንም ስህተት ሳያሳይ ምንም ሳይለወጥ ይቀራል። በራስህ ስም ይሩጥ፣ ሱዶ የሚያስፈልገው መስመር ላይ ብቻ ሱዶ ይግባ። እነዚያን መስመሮችም በአንድ ላይ መጀመሪያ አድርጋቸው። ኡቡንቱ ፓስወርድህን የሚያስታውሰው ለ15 ደቂቃ ነው፤ ፓኬጆቹ ከዚያ በላይ ከፈጁ ቀጣዩ ሱዶ እንደገና ይጠይቅና አንተ ቡና ላይ ሆነህ ስክሪፕቱ ቆሞ ይጠብቅሃል። የዴስክቶፑን ክፍል ደግሞ ጂኖም ውስጥ ገብተህ ከዚያው ተርሚናል አሩጠው። በኤስኤስኤች ከሌላ ኮምፒውተር ገብተህ ብታሮጠው የዴስክቶፑን ሴሽን ላያገኘው ይችላል።

አፕትን በተመለከተ ሦስት ነገር ልብ በል። ስክሪፕት ውስጥ «አፕት» ሳይሆን «አፕት-ጌት» ጻፍ። አፕት ለሰው ዓይን የተሠራ ነው፤ አጠቃቀሙ ከስሪት ስሪት ሊለወጥ እንደሚችል ራሱ ያስጠነቅቃል። ከዝርዝርህ አንድ ፓኬጅ ስሙ 24.04 ላይ ከሌለ ደግሞ ትዕዛዙ በሙሉ ይከሽፋል፣ አንዱም አይጫንም፤ ስለዚህ ከመጫንህ በፊት እያንዳንዱ ስም መኖሩን በ«አፕት-ካሽ» የሚፈትሽ አጭር ዙር አስገባና የጎደሉትን ለይቶ ይንገርህ። ሦስተኛው፣ አንዳንድ ፓኬጆች ሲጫኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ የማይክሮሶፍት ፎንቶችን የሚያመጣው ፓኬጅ ፈቃዱን ካልተቀበልክ አይቀጥልም። መልሱን አስቀድመህ በ«ዴብኮንፍ-ሴት-ሴሌክሽንስ» አስቀምጥለት።

ፓይተን ላይ የምትጠቀምባቸውን ትናንሽ መሣሪያዎች በፒፕ የሚጭን መስመር ከድሮ ስክሪፕት ገልብጠህ ከሆነ አውጣው። 24.04 ከቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ውጭ በፒፕ መጫንን አይፈቅድም። ፒፕኤክስ ለዚህ የተሠራ ነው።

ኢንተርኔት ውድ ወይም ቀርፋፋ ለሆነበት ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። አፕት-ጌት ያወረዳቸውን የዴብ ፋይሎች «ቫር» ስር ባለው ካሽ ውስጥ ያቆያቸዋል፤ «አፕት» ግን ጭኖ ሲጨርስ ያጠፋቸዋል። አፕት-ጌትን ከተጠቀምክ መጀመሪያ የቤቱን ላፕቶፕ ጭነህ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዘህ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ያው ካሽ ውስጥ ታደርጋቸዋለህ፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር ስሪታቸው ያልተለወጠውን እንደገና አያወርድም። የሚሠራው ሁለቱም አንድ የኡቡንቱ ስሪትና አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲሆኑ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ያለበት ላብ ከሆነ ደግሞ አንዱ ላይ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» ተክሎ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያወርዱ ማድረግ ነው። መብራት መሃል ላይ ሄዶ ፓኬጅ በመጫን ላይ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩን አስነስተህ «ዲፒኬጂ»ን ያልተዋቀረውን ሁሉ እንዲያዋቅር እዘዘው፣ ከዚያ ስክሪፕቱን ደግመህ አሩጥ።

ሚስጥሮችን በተመለከተ ጥብቅ እንድትሆን እለምንሃለሁ። የኤስኤስኤች የግል ቁልፍ፣ ቶክን፣ ፓስወርድ ያለበት ፋይል፣ የባሽ ታሪክ፣ አንዳቸውም ሪፖው ውስጥ አይግቡ፤ ሪፖው የግል ቢሆንም አይግቡ። የባሽ ታሪክን ያነሳሁት ሰው ስለማይጠረጥረው ነው፤ አንድ ቀን ትዕዛዝ መስመር ላይ የጻፍከው የዳታቤዝ ፓስወርድ እዚያ አለ። ጊት ደግሞ አይረሳም። ፋይሉን በቀጣዩ ኮሚት ብታጠፋው በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ አንዴ ከወጣ እንደተሰረቀ ቆጥረህ ቁልፉን መሻር ነው ያለብህ። ለኤስኤስኤች የምመክረው ቁልፍ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር አለማሻገር ነው። አዲሱ ላይ አዲስ ቁልፍ በኢዲ25519 ፍጠርና ሕዝባዊውን ክፍል በምትገባባቸው ሰርቨሮች አስመዝግብ። ላፕቶፕህ ታክሲ ውስጥ ቢጠፋ የምትሰርዘው የእሱን ቁልፍ ብቻ ይሆናል። የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይሉን፣ ማለትም የሰርቨሮቹን አሕጽሮተ ስም የያዘውን፣ ሪፖው ውስጥ ማድረግ ትችላለህ። ጊት ግን ከማስኬድ ፈቃድ በቀር የፋይል ፈቃድ አይመዘግብም፤ ስለዚህ ስክሪፕቱ የፎልደሩን ፈቃድ 700፣ ውስጡ ያሉትን 600፣ ማለትም ለአንተ ብቻ ክፍት፣ ያድርጋቸው።

ሚስጥር ከሌለው ሌላ ጥቅም ታገኛለህ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ገና ቁልፍ ስለሌለህ የግል ሪፖ ማውረድ ያስቸግራል። ሚስጥር የሌለው ሪፖ ግን ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ማንም ሳይጠይቅህ በኤችቲቲፒኤስ ታወርደዋለህ። ክፍት ማድረጉ ካልተመቸህ «ጊት በንድል» ሪፖውን ከነታሪኩ በአንድ ፋይል ይጠቀልልልሃል፤ አንድ ፋይል ስለሆነ ፋት32 ፍላሽ ላይም ምንም ሳይጎድልበት ይሻገራል፣ አዲሱ ላይ ከእሱ ክሎን ታደርጋለህ።

ከቅዳሜ በፊት ስክሪፕቱን በቨርቹዋል ማሽን ፈትነው። ጂኖም ቦክስስ ወይም ቨርቹዋልቦክስ ላይ ኡቡንቱ 24.04 ጫን፣ እንደጫንክ ስናፕሾት ውሰድ፣ ስክሪፕቱን አሩጥ። ሲከሽፍ አርመህ ወደ ስናፕሾቱ ተመለስና እንደገና ከባዶ አሩጠው። ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍ ሳትመለስ ሁለተኛ ጊዜ አሩጠው፤ በሁለተኛው ምንም መጫን፣ ምንም መለወጥ የለበትም። አንድ ነገር ከቀየረ ከላይ ያልኩህን ሕግ የሚጥስ መስመር አለ ማለት ነው፤ እሱን ፈልግ። ይህን ፈተና ሳያልፍ እውነተኛው ላፕቶፕ ላይ አትሞክረው።

አንሲብልን የምመክርህ ኮምፒውተሮቹ ከአራት አምስት ሲበልጡ፣ ወይም ከአንተ ሌላ ሰውም ሲያስተዳድራቸው ነው። ያን ጊዜ ዝርዝሮችህ እንዳሉ ወደ ፕሌይቡክ ይሻገራሉ፤ ልፋትህ አይባክንም። የኡቡንቱን «ኦቶኢንስቶል»ም ሰምተህ ይሆናል፤ ኢንስቶለሩ ራሱ ሳይጠይቅ እንዲጭን ያደርጋል። ዲስክ መከፋፈልንም ያለ ጥያቄ ስለሚያደርግ ለአንድ ላፕቶፕ የምታድነው ጥቂት ደቂቃ ለአደጋው አይመጥንም። ኒክስና ሆም ማኔጀር ይህንን ሁሉ በአንድ ቋንቋ የሚገልጹ ግሩም መሣሪያዎች ናቸው፤ ለመማር ግን ሳምንታት ይወስዳሉ፣ አንተ ደግሞ ለቅዳሜ ነው የምትፈልገው።

ዲስኩን ከመንቀልህ በፊት ከድሮው ሲስተም ማውጣት የማትችለው ነገር እንዳይቀርብህ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። የአፕትን፣ የስናፕንና የፍላትፓክን ዝርዝሮች፣ የአፕትን የታሪክ ፋይሎች፣ ሙሉ የዲኮንፍ ደምፕ፣ ከኡቡንቱ ውጭ ያሉትን የፓኬጅ ምንጮች፣ በቀጠሮ እንዲሮጡ በ«ክሮንታብ» ያስቀመጥካቸውን ሥራዎች በአንድ ፎልደር ሰብስብና ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጥ። የዲኮንፉ ሙሉ ደምፕ እንዲጫን አይደለም፤ የረሳኸው ነገር ሲኖር ውስጡን ፈልገህ አንዷን መስመር እንድትወስድ ነው። ሰነዶችህና ፎቶዎችህ በተለመደው ባክአፕህ ይሂዱ፤ ይህ ሪፖ የእነሱ ቦታ አይደለም። የድሮውን ዲስክ ደግሞ ፎርማት አታድርገው። በዩኤስቢ ማቀፊያ አድርገህ ቢያንስ ለአንድ ወር አቆየው፤ የጎደለ ነገር ስታገኝ ለንባብ ብቻ ማውንት አድርገህ ፋይሉን አውጣ፣ ወዲያውም ሪፖው ውስጥ አስገባው፤ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር ስታዋቅር ያ ነገር በቦታው ይጠብቅሃል።